በደቡብ ኦሞ የኩላሊት ሕመምን ለመግታት የፋርማሲ ባለሙያዎች ሥልጠና ያለው ድርሻ

ስር የሰደደ የኩላሊት ሕመም የኩላሊት ደምን የማጣራት አቅም ቀስ በቀስ የሚዳከምበትና ለረጅም ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ የጤና ችግር ነው። የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ለ3 ወራትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሕመሙ ስር እንደሰደደ ይቆጠራል። አቅሙ ከ15 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ደግሞ ታማሚው የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ወደሚያስፈልግበት ደረጃ ይቃረባል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከናውኗል። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የኩላሊት እጥበትም በአብዛኛው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል የሚሰጥ አገልግሎት በመሆኑ፣ ለደቡብ ኦሞ ቆላማ ወረዳዎች አርብቶ አደር ከብቱንና ቀዬውን ትቶ መኖርን ይጠይቃል። ስለሆነም ለአካባቢው ነዋሪ የተሻለው አማራጭ ሕመሙ እዚህ ደረጃ ሳይደርስ መግታት ነው።

ለሕመሙ ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት መካከል የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ይገኙበታል። የእነዚህ ሕመሞች ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በየጊዜው ወደ ፋርማሲ ይመላለሳሉ። ታካሚው ከጤና ተቋሙ ሲወጣ በመጨረሻ የሚያገኘው ባለሙያም ፋርማሲስቱ ነው። በአገሪቱ የፋርማሲ ሥርዓተ ትምህርት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተሻሽሎ ከመድኃኒት ዝግጅትና ዕደላ ባሻገር በታካሚው እንክብካቤ ላይ እንዲያተኩር መደረጉ ለዚህ ሥራ መሠረት ጥሏል።

የሥልጠናው ቀዳሚ ትኩረት ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶችን መለየት ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን ደም ይቀንሳሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኢናላፕሪል በሽንታቸው ፕሮቲን ለሚታይ ታካሚዎች ኩላሊትን የሚጠብቅ ቢሆንም፣ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድና ከዲክሎፌናክ ጋር በአንድነት ሲወሰድ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በሙቀት ወይም በተቅማጥ ሰውነቱ ውሃ ባጣ ሰው ላይ አደጋው ይበልጥ ይጨምራል። የወገብ ሕመም ማስታገሻ የሚጠይቅን ደንበኛ «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ይህን ጉዳት ለማስቀረት ያስችላል።

ሁለተኛው የመድኃኒትን መጠን ከኩላሊት አቅም ጋር ማመጣጠን ነው። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች ለሆነ ታካሚ አይሰጥም። የጄንታማይሲን መጠንና የአወሳሰድ ልዩነትም እንደ ኩላሊቱ ሁኔታ ይወሰናል። በኤች አይ ቪ ሕክምና ውስጥ የሚገኘው ቴኖፎቪርም የኩላሊት ክትትል ያሻዋል።

ሦስተኛው ሕመሙ የሚያስከትላቸውን ተጓዳኝ ችግሮች መከታተል ሲሆን፣ የደም ማነስ፣ በደም ውስጥ የፖታሲየም መብዛት፣ የአሲድ መከማቸትና የአጥንት መዳከም ይጠቀሳሉ። የፖታሲየም መብዛት የልብ ምትን ሊያቆም ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

ምክሩ ከኅብረተሰቡ አኗኗር ጋር መጣጣም ይኖርበታል። ወተት ፎስፈረስ የበዛበት በመሆኑ ሕመሙ ለጠናበት ሰው መጠኑ እንዲቀነስ ሊታዘዝ ይችላል። ይሁንና ወተት ዋነኛ ምግቡ ለሆነ አርብቶ አደር ሌላ አማራጭ ሳያመላክቱ «ቀንስ» ማለት በቂ ምክር አይሆንም። ሐመርኛ ወይም ዳሰነችኛ ተናጋሪ ለሆነ ታካሚም የአወሳሰድ መመሪያው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ሥልጠናው ውጤት እንዲያመጣ የአስተዳደር ድጋፍ ያሻዋል። ፋርማሲስቱ የኩላሊትን አቅም ለማስላት የታካሚውን ዕድሜ፣ ፆታና የክሬያቲኒን ምርመራ ውጤት ማወቅ አለበት። ውጤቱ በማዘዣ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ የተማረውን በተግባር ማዋል አይችልም። በመሆኑም የጤና ጽሕፈት ቤቶችና የሆስፒታል ኃላፊዎች የላቦራቶሪ ኬሚካል አቅርቦት እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ ውጤቱ ከማዘዣው ጋር ወደ ፋርማሲ የሚደርስበትን አሠራር መዘርጋትና ለምክር አገልግሎት የተለየ ቦታና ጊዜ መመደብ ይጠበቅባቸዋል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2017 ዓ.ም የኩላሊት ጤናን የሚመለከት የመጀመሪያውን ውሳኔ አጽድቋል። ውሳኔው አባል አገሮች የኩላሊት ሕመምን መከላከልና ቀድሞ መለየትን እንዲያጠናክሩ ይጠይቃል። እንደ ደቡብ ኦሞ ባሉ ሩቅ አካባቢዎች ይህ ተግባር ከፋርማሲው መስኮት ሊጀምር ይችላል።