የዕቃ ፎቶግራፍ ወደ ቪዲዮ ማቀናበሪያ አልገባ ሲል
ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነጋዴዎች ስለ ምክንያቱና ስለ መፍትሔው የቀረበ

ዕቃን ለገዢ ማሳየት የንግድ ሥራ መጀመሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ቀድሞ ዕቃው በሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ ወይም በገበያ ሜዳ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን የአምቦ፥ የጉደር፥ የጊንጪ፥ የጌዶና የባኮ ባለሱቅ የገባለትን ጨርቅና ጫማ፥ የቤት ዕቃና የእርሻ መሣሪያ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በሙዚቃና በጽሑፍ አቀናብሮ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያስተዋውቃል። ጤፍና ኑግ የሚሰበስብ ነጋዴም ናሙናውን ሩቅ ላለ ገዢ በዚሁ መንገድ ለማሳየት ይችላል።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ በስልኩ ላይ ደኅና ሆኖ ሲታይ ቆይቶ፥ በቪዲዮ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ የማይቀበለው ጊዜ አለ። ለበዓል ገበያ የታሰበ ማስታወቂያ በዓሉ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ጥቅም የለውም፤ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፥ የማቀናበሪያውም ሂሳብ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ስለዚህ ነጋዴው ዋና ዋናዎቹን ምክንያቶች አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል።

1ኛ/ የፋይሉ ዓይነት። የአፕል ስልኮች ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ፎቶግራፍን ኤች.ኢ.አይ.ሲ. በሚባል ዓይነት ያስቀምጣሉ። ይህ ዓይነት ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ተጨማሪ መክፈቻ ያልተጫነበት የዊንዶውስ ኮምፒዩተር አያነበውም። መፍትሔው በስልኩ ‹ሴቲንግስ› ውስጥ ‹ካሜራ›፥ ከዚያም ‹ፎርማትስ› ገብቶ ‹ሞስት ኮምፓቲብል› የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ፎቶግራፍ ጄ.ፒ.ጂ. ይሆናል። ከድረ ገጽ የሚወርዱ ሥዕሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉግል በ2003 ዓ.ም. መስከረም ያስተዋወቀው ዌብፒ ናቸው፤ ይህንንም ብዙዎቹ የቆዩ ማቀናበሪያዎች አይቀበሉትም።

አንዳንድ ሰው የፋይሉን ስም ብቻ ለውጦ በመጨረሻው ላይ ጄ.ፒ.ጂ. ብሎ ይጽፋል። ይህ በጨው ጆንያ ላይ ‹ስኳር› ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ የሚመለከተው የውስጡን ይዘት ስለሆነ፥ ፋይሉ ተከፍቶ እንደ ገና በጄ.ፒ.ጂ. ወይም በፒ.ኤን.ጂ. መቀመጥ አለበት። ይህንንም ጊምፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራዋል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ማለቂያ ኢንተርኔት በመላው ሀገር ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ በድረ ገጽ ፋይል የሚለውጥ ሁሉ ሥራው መቆሙ አይቀርም ነበርና፥ መሣሪያውን በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀድሞ መጫን ብልህነት ነው።

2ኛ/ ቀለሙ። አስመጪዎች ከውጭ ፋብሪካ የሚደርሳቸው የካታሎግ ሥዕል አንዳንድ ጊዜ ለማተሚያ ቤት በአራት ቀለም የተዘጋጀ ነው። የመስታወት ቀለም ግን ከቀይ፥ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን የሚገኝ ነው። አዶቤ ፕሪሚየር የአራቱን ቀለም ሥዕል ስለማይቀበል፥ አር.ጂ.ቢ. ወደሚባለው የቀለም ዓይነት መለወጥ ያስፈልጋል።

3ኛ/ መጠኑ። ፕሪሚየር በአንድ ወገን ከ32,768 ነጥብ፥ በጠቅላላው ከ256 ሚሊዮን ነጥብ የሚበልጥ ሥዕል አይቀበልም። ከዚህ ያነሰውም ቢሆን እጅግ ሲተልቅ ኮምፒዩተሩን ያዘገያል። የተለመደው ቪዲዮ 1,920 በ1,080 ስለሆነ፥ ከዚህ እጥፍ የሆነ ሥዕል ለማቅረቢያም ጭምር ይበቃል።

4ኛ/ ተከታታይ ቁጥር። ካሜራ ለፎቶግራፎች ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ እንዲህ ያሉትን እንደ አንድ ተንቀሳቃሽ ፊልም ቈጥሮ ሊያስገባቸው ይችላል። በሰከንድ 25 ሥዕል በሚያልፍበት ቪዲዮ 50 የጫማ ፎቶግራፎች በ2 ሰከንድ ውስጥ ያልቃሉ ማለት ነው። ፋይሎቹ ከመግባታቸው በፊት ‹ፍሬም ዲስፕሌይ ሞድ› የሚለው ‹ኢንዲቪጁዋል› እንዲሆን ማድረግ ይገባል። በፕሪሚየር ደግሞ ‹ኢሜጅ ሲኩዌንስ› የሚለው ምልክት እንዳይደረግበት መጠንቀቅ ነው።

5ኛ/ የጠፋ ፋይል። ማቀናበሪያው ሥዕሉን ወደ ራሱ አይገለብጥም፤ የት እንዳለ ብቻ ይመዘግባል። ይህም ዕቃው በመጋዘን ሆኖ መዝገቡ በጽሕፈት ቤት እንደሚቀመጥ ነው። ሥዕሉ በፍላሽ ላይ ሳለ ሥራው ከተጀመረና ፍላሹ ከተነቀለ፥ መዝገቡ ይቀራል እንጂ ዕቃው አይገኝም። ስለዚህ ሁሉን አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ ላይ በአንድ ፎልደር መገልበጥ፥ ሥራው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲሄድም ፎልደሩን በሙሉ ማዛወር ያስፈልጋል። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች በፊደላችን የተጻፈ የፋይል ስም ስለማያነቡ፥ ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር አሳጥሮ መጻፍ ይበጃል።

ሥዕልን በቴሌግራም የሚልክም ሰው ‹ፎቶ› ብሎ ሳይሆን ‹ፋይል› ብሎ ይላክ፤ በፊተኛው መንገድ ጥራቱ ይቀንሳልና። የድርጅት ምልክትም ፒ.ኤን.ጂ. ይሁን፤ ጄ.ፒ.ጂ. ብርሃን የሚያሳልፍ ጀርባ ስለሌለው ምልክቱ በነጭ ሳጥን ተከቦ ይታያል።

ወደ ቪዲዮ ቤት ከመሄድ አስቀድሞ አንድ ሥዕል ልኮ ማስሞከር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ናሙና ሳያይ ጭነት የማይቀበል ነጋዴ፥ ለማስታወቂያውም ይህንኑ ልማድ ቢከተል ገበያው አያመልጠውም።