መስመር ሲቋረጥ ስማችንን ማን ይጠብቀው?

መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ወጣት መርሳ ከተማ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ካለችው የአክስቴ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ገባና «የእህቴን ቀሚስ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። እህቱ ዱባይ ናት፤ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀሚሱን ፌስቡክ ላይ አይታ መርጣለች፣ 4 ሺህ ብር ቀብድ ልካለች፣ የላከችበትም ማስረጃ ወንድሟ ስልክ ላይ አለ። አክስቴ ፎቶውን ስታይ ቀሚሱን ወዲያው አወቀችው። ጥለቱን የመረጠችውም፣ ሱቋ በር ላይ ሰቅላ ፎቶ ያነሳችውም እሷ ናት። ገንዘቡ የገባበትን ስም ግን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

«ወላሂ የኔ ልጅ፣ ፌስቡክ ከገባሁ ስምንት ወር አልፎኛል» አለችው።

እውነቷን ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው ሰው የሚገባው በቪፒኤን ነበር። የወልዲያ አካባቢ ሰው ደግሞ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስበት ስልክ ራሱ ጠፍቶበት ወራት አሳልፏል። መስመር ሲቋረጥ ግን የሱቁ ፔጅ አብሮ አልተዘጋም። ፎቶው፣ ስሙ፣ የደንበኞች ምስጋና ሁሉ እንደተሰቀለ ነበር። የጎደለው መልስ የሚሰጥ ሰው ብቻ ነው። ያን ክፍተት ያየ አንድ ሰው (ወይም ብዙ ሰው፣ እስካሁን አላወቅንም) ፎቶዎቹን ገልብጦ በዚያው ስም ሌላ ፔጅ ከፈተና ቀብድ መሰብሰብ ጀመረ።

አክስቴ ቀሚሱን በጨርቁና በሰፊው ዋጋ ብቻ አሠርታ ለወጣቱ ሰጠችው። «የተበላው ስሜ ነው» አለችኝ በስልክ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት ሰዎች መጡ። ለሁሉም እንደዚያ ማድረግ አልቻለችም።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴ ስም የትኛው ገጽ ላይ እንደተነሳ፣ ምን እንደተባለለት በየቀኑ መከታተል የሥራዬ አካል ነው። የገዛ አክስቴን ሱቅ ስም ግን በእነዚያ ስምንት ወራት አንድ ጊዜ እንኳ ፈልጌ አላየሁም ነበር። እፍረቴን ይዤ ነው ወደ ጥገናው የገባሁት።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ መሣሪያዎች ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ሁትስዊት ብዙ አካውንቶችን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያሳያል፣ ፖስት ቀጥሮ ያወጣል፣ ስም ሲነሳ ይጠቁማል። በ2023 ግን ነጻ አገልግሎቱን አቁሟል። ባፈር እስከ ሦስት አካውንት ድረስ በነጻ ያስተናግዳል። ከዚያ ያለፈው ሁሉ በዶላር ካርድ ነው፤ መርሳ ላይ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት የዶላር ካርድ ከየት ታመጣለች?

ካርዱ ቢገኝ እንኳ ቋንቋው አለ። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ኮሜንት አንብበው «ደስ ያለው»ና «ያዘነ» ብለው ይለያሉ። አንዱን ለሙከራ ከፍቼ የሐሰተኛውን ፔጅ ኮሜንቶች ሰጠሁት። አንዷ ደንበኛ «ጎበዝ፣ ቀብድ መቀበሉንስ ተክነሽበታል!» ብላ ጽፋለች። መሣሪያው አረንጓዴ አደረገላት፤ አመስግናለች ማለቱ ነው። የወሎ ሰው ሲናደድ ይበልጥ ለስለስ እንደሚል ማን ይንገረው?

ነጻ ከሆኑት ውስጥ ጉግል አለርትስን ሞከርን። ስም ትሰጡታላችሁ፣ ያ ስም አዲስ ገጽ ላይ ሲወጣ በኢሜይል ይነግራችኋል። ፌስቡክና ቴሌግራም ውስጥ የሚባለውን አብዛኛውን ግን አያይም፤ የእኛ ሰው ገበያ ደግሞ እዚያ ነው። «መርሳ»ን በላቲን ፊደል ስትጽፉለት የግብፁን መርሳ ማትሩህ የባሕር ዳርቻ ያመጣላችኋል።

ያላሰብኩት ጣጣ ፊደላችን ነው። የሱቁ ስም የአክስቴ ስም ነው፤ በ«ሐ» ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ «ሰ» አለችበት። ይህን ድምፅ ሰው በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ሊጽፈው ይችላል። «ሰ»ም ንጉሡ «ሠ» አለላት። ስድስት በሁለት፣ አንድ ስም በ12 መልክ ማለት ነው። ለእኛ ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለመፈለጊያው ግን 12 የማይተዋወቁ ሴቶች ናቸው። ሀብሩም እንዲሁ ነው፤ ወልዲያም አንዴ «ወልድያ» እየሆነች ትጻፋለች። ሐሰተኛው ፔጅ በ«ሃ» ነበር የተጻፈው። እኛ በ«ሐ» ብቻ ስንፈልገው ብንውል ላይገኝ ይችል ነበር።

በፎቶ መፈለግ ከፊደሉ ጣጣ ያድናል። ጉግል ሌንስ የቀሚሱን ፎቶ ሲሰጡት ተመሳሳዩን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ሁለት ሌሎች ገጾች አገኘን። በአንደኛው ላይ የአክስቴ የአራት ዓመት የልጅ ልጅ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ እናቷ ለራሷ ጓደኞች ብላ የለጠፈችው ፎቶ ነው፣ ከሥሩ የማናውቀው ሰው ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። የእናቷ ድንጋጤ ከቀብዱ ሁሉ የባሰ ነበር። የልጆች ፎቶ የምትለጥፉ ወላጆች፣ አንድ እሑድ ሁለት ሦስቱን በሌንስ ብታዩ አይከፋም።

ግንቦት ላይ አክስቴ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ መጣች። ስልኳን ከዋይፋይ ጋር አገናኘነው። የፌስቡክ ፔጁ ተከፈተ፤ ያልተነበበው መልእክት ብዛቱ! ቴሌግራሙ ግን አልተከፈተም። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተገባበትን አካውንት ራሱ ይሰርዛል፤ ባለቤቱ ካልቀየረው ለብዙ ዓመታት ልኩ 6 ወር ነበር። አክስቴ ስምንት ወር ስላለፋት አካውንቷ ተሰርዟል። ቻናሏ አለ፣ ተከታዮቹም አሉ፣ ግን ባለቤት የለውም፤ ሌላ አድሚንም አልሾመችበትም ነበር። ማንም ሊጽፍበት የማይችል፣ ማንም የማይዘጋው ሱቅ ሆኖ ቀረ። አዲስ ከፍተን ደንበኞቹን አንድ በአንድ መጥራት ነበረብን።

ስለዚህ ቴሌግራም ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ መስመር በሚቋረጥበት አካባቢ ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ግላዊነት ወደሚለው ግቡ፤ ከታች በኩል አካውንቱ በስንት ጊዜ እንደሚሰረዝ የሚል ምርጫ አለ። የሚፈቀደውን ረጅሙን ምረጡ። ለወላጆቻችሁም ስልክ ደውላችሁ አስደርጉ።

ከዚያ ሁለተኛ ሰው ሹሙ። ሜታ ቢዝነስ ስዊት የሚባለው የፌስቡክ ነጻ መሣሪያ መልእክቱንና ኮሜንቱን አንድ ቦታ ያመጣል፣ ፖስት አስቀድሞ ይቀጥራል፣ እናንተ በመረጣችሁት የአማርኛ ቃል ኮሜንት እንዲደብቅም ያደርጋል። እኛን የጠቀመን ግን ሌላው ነው፦ ለአንድ ፔጅ ከአንድ በላይ ሰው ሙሉ ቁጥጥር መስጠት ይቻላል። ፔጁን 2012 ላይ የከፈተችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች። ስትመረቅ «የእማዬ ነው» ብላ ራሷን አወጣች። ያኔ ብትቆይ ኖሮ ከአዲስ አበባ ሆና ደንበኞቹን «አሁን ትዕዛዝ አንቀበልም፣ ቀብድ አትላኩ» ማለት ትችል ነበር። አሁን ሁለቱም አሉበት። ቻናሉም ሁለት አድሚን አለው። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርተናል፤ ፓስወርዱ የቀሚስ ልክ በምትመዘግብበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ይስቃሉ። ደብተሩ ግን መስመር አይቋረጥበትም።

ሐሰተኛውን ፔጅ ፌስቡክ ላይ ዘመድ ወዳጅ ተባብረን ሪፖርት አደረግነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረደ። ለፖሊስም አመልክተናል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል ያደርገዋል። የሰዎቹ ቀብድ እስካሁን አልተመለሰም። አክስቴ ስለ እሱ ሲነሳ «አብሽር» ትለኛለች፣ ፊቷ ግን አያብሽርም።

አሁን የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየፈላ 12ቱን አጻጻፍ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ ትፈልጋለች። ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም። በቅርቡ በ«ኀ» የተጻፈ አንድ የልብስ ቻናል አገኘችና ሪፖርት ልታደርገው ስትል ባሏ «በ‹ኀ› የሚጽፍ ሌባ አይቼ አላውቅም፣ መጀመሪያ ደውዪ» አላት። ደወለች። ኮምቦልቻ ያለች፣ የአክስቴ ሞክሼ የሆነች እውነተኛ ልብስ ሰፊ ናት። ቁጥሯን ለአክስቴ ሰጠናት፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አወሩ። ለመስከረም ከእሷ ጥለት አዝዛለች።