ያውቁ ኖሯል? የፒያሳና የመቶ አለቃ ዝምድና
የደሴው «ፒያሳ» ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት ሲሆን ሥሩ የሮማውያን ቋንቋ ላቲን ነው። ሮማውያን ንጉሣቸውን ካባረሩ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ቆንስሎች ይሾሙ ነበር፤ አንዱ የወሰነውን ሌላው ማገድ ይችላል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ጦራቸውስ? በወንጌል የምናነበው «የመቶ አለቃ» የሮማ መኮንን ነው። ስሙ መቶ ቢልም በቄሣሮቹ ዘመን የሚያዝዘው 80 ያህል ወታደሮችን ነበር፤ በአንድ ድንኳን ስምንት ስምንት ሆነው ያድራሉ።

ከእኛ የጥንት ማዕረጎች አንዳንዶቹ ግን ከቁጥር ይልቅ የሰልፍን ቦታ ይናገራሉ፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ዘውድ ሲጭኑ የወሎ ጦር መኳንንት የሚጠሩት በእነዚህ ማዕረጎች ነበር።