ሽንት ሲያቃጥል የታዘዘን መድኃኒት እንዴት እንውሰድ?

«ዶክተር፣ ኩላሊቴን አሞኛል፤ ባለፈው የወሰድኩትን እንክብል ይጻፉልኝ።» እንዲህ ያለው ጥያቄ በጤና ተቋማት በየዕለቱ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ግን የታመመው ኩላሊት ሳይሆን የሽንት ፊኛ ነው። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ጠብ ብሎ መቆም፣ ከእምብርት በታች የመክበድ ስሜት እንዲሁም የሽንት መደፍረስ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን የተለመዱ ምልክቶች ናቸው።

የሕመሙ ዋነኛ መንስኤ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በአንጀታችን ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲሻገር ግን ያሳምማል። የሴቶች የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ባክቴሪያው በቀላሉ ወደ ፊኛ ይደርሳል። ሕመሙ በሴቶች ላይ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአግባቡ ከታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል። ይሁንና ትክክለኛው መድኃኒት ታዝዞም አወሳሰዱ ከተበላሸ ሕመሙ ይመላለሳል፤ አንዳንዴም ወደ ኩላሊት ይወጣል።

ከመጀመርዎ በፊት

ሽንት ያቃጠለው ሁሉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለበት ማለት አይደለም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች፣ የብልት ፈንገስ እና የሽንት ጠጠርም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ወይም ካለፈው ሕመም የተረፈን መድኃኒት አይውሰዱ።

የሽንት ምርመራ ከታዘዘልዎ ናሙናውን የመጀመሪያውን ፍሬ ከመዋጥዎ በፊት ይስጡ። የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሰው መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉ። አንቲባዮቲክ ከጀመሩ በኋላ የሚሰጥ ናሙና በካልቸር ምርመራ ባክቴሪያውን ላያሳይ ይችላል።

ቢጠየቁም ባይጠየቁም ለሐኪምዎ ሊነግሩት የሚገባ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ፣ የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ሰውነትዎን አሳክኮት ወይም አሳብጦት ከሆነ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ አስቀድመው ይናገሩ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም ካላስታወሱ ማሸጊያዎቹን ይዘው ይሂዱ።

የሚታዘዙልዎ መድኃኒቶች

ናይትሮፉራንቶይን ለሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን በቅድሚያ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል፤ ማቅለሽለሽም ይቀንሳል። ሽንትን ወደ ጥቁር ቢጫ ወይም ቡናማ ሊለውጥ ይችላል፤ ይህ ጉዳት ስለሌለው አይደንግጡ። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ አዲስ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ካጋጠመዎ ግን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች እና ለመውለድ ለተቃረቡ እናቶች አይመከርም።

ብዙዎች ባክትሪም ብለው የሚያውቁት ኮትሪሞክሳዞል የሰልፋ አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥም። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም አፍ ከቆሰለ ወዲያውኑ ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱ ጋር ሲደረብ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ሊያበዛ ይችላል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ሌላ አማራጭ ካለ ባይጀመርበት ይመረጣል። የጅማት ሕመም፣ በተለይም ከተረከዝ በላይ፣ ከተሰማዎ መድኃኒቱን አቁመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ግሊቤንክላሚድ ለሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሆነ ኮትሪሞክሳዞል የደም ስኳርን ከመጠን በላይ ሊያወርድ ስለሚችል መላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረሃብ ሲሰማዎ ቸል አይበሉ።

ቡና፣ ወተትና ጾም

ሲፕሮፍሎክሳሲን ካፌይን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት የለመደ ሰው መድኃኒቱን በሚወስድባቸው ቀናት ልቡ ቢመታ ወይም እንቅልፍ ቢያጣ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሕክምናው እስኪያልቅ ቡናውን ይቀንሱ።

ይህንኑ መድኃኒት ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር አይውሰዱ፤ አንጀት መድኃኒቱን በሚገባ እንዳይቀበለው ያደርጋሉና። ለጨጓራ የሚወሰድ አንታሲድ፣ የአይረን ወይም የካልሲየም እንክብል ካለዎ ሲፕሮፍሎክሳሲኑን ቢያንስ 2 ሰዓት አስቀድመው ወይም 6 ሰዓት አሳልፈው ይውሰዱ።

በጾም ወቅት ብዙ ሕሙማን የቀኑን መድኃኒት ይዘልላሉ፤ ወይም ማታ ደርበው ይውጣሉ። ሁለቱም ትክክል አይደለም። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ በረመዳን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ማስማማት ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በቀን 4 ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ግን ከጾም ሰዓት ጋር አይገጥምም። ጿሚ መሆንዎን መድኃኒቱ ሲጻፍ ይናገሩ፤ የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት አባትዎንም ያማክሩ። ሕመሙ ባለበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋልም አይመከርም።

ሲሻልዎ አያቋርጡ

ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ይቀንሳል። «ተሽሎኛል» ብሎ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የሚጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ስሜቱ ቢጠፋም ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ስለሚችል የታዘዘልዎን ቀን ይጨርሱ። ናይትሮፉራንቶይን ለቀላል የፊኛ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ቀን ይታዘዛል። በራስ ፈቃድ 10 ቀን ማድረስም ጥቅም የለውም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ብቻ ይጨምራል።

አንድ ጊዜ ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይተዉት እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይውሰዱ። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብሎ በስልክ ማንቂያ መሙላት ይረዳል።

አንቲባዮቲክን ያለአግባብ መውሰድ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞቱ በጥናት ተገምቷል። ዛሬ ያቋረጡት መድኃኒት ነገ ለእርስዎ ወይም ለቤተሰብዎ አልሠራ ሊል ይችላል።

ማስታገሻ ፈውስ አይደለም

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ከሚልኳቸው መድኃኒቶች መካከል ፌናዞፒሪዲን የተባለው የሽንት ማቃጠል ማስታገሻ ይገኝበታል። ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ልብስም ያቀልማል። ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም። ከአንቲባዮቲክ ጋር ከ2 ቀን በላይ አይወሰድም፤ የኩላሊት ሕመም ላለበትም አይሆንም። የገብስ ውሃና ተልባም እንደ ማንኛውም መጠጥ ፈሳሽ ይሰጣሉ እንጂ የታዘዘን መድኃኒት አይተኩም።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ አይዘግዩ

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን አጥንት በታች በጎን ወይም በጀርባ በኩል ሕመም፣ ማስመለስ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። መድኃኒቱን ጀምረው በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለዎም ይመለሱ። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ድንገተኛ ነውና ፈጥነው ወደ ሆስፒታል ይድረሱ።

ነፍሰ ጡር እናቶች በተለይ ልብ ይበሉ። በእርግዝና ወቅት የሽንት ኢንፌክሽን ምንም ሳያሳምም ሊኖር ይችላል፤ ካልታከመ ለኩላሊት ኢንፌክሽንና ያለጊዜ ለመውለድ ያጋልጣል። በክትትል ወቅት የሚታዘዝ የሽንት ምርመራ እንዳያመልጥዎ። ለእርግዝና የሚስማሙ መድኃኒቶች ስላሉ ጽንሱን ይጎዳል በሚል ስጋት ሕክምናውን አይተዉ። ወንዶችና ሕፃናትም ምልክቱ ከታየባቸው ምክንያቱ መጣራት ስላለበት ያለ ምርመራ መድኃኒት አይጀምሩ።

ከመድኃኒት መደብር ከመውጣትዎ በፊት ባለሙያውን አራት ነገር ይጠይቁ፦ በየስንት ሰዓቱ ልውሰድ? ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ? ለስንት ቀን? ምን ካየሁ ላቁም? መልሱን ማሸጊያው ላይ ያስጽፉ። ይህን ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።