በእጅ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሰሌዳ ሲበላሽ ምክንያቱን ስለ መመርመርና አሠራሩን ስለ ማሻሻል

ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ከገበያ የተገዛ ዕቃ ሲበላሽ ሠሪው ሩቅ ነውና ዕቃው ይጣላል፥ ወይም ለጠጋኝ ይሰጣል። በትምህርት ቤት የተሠራ ዕቃ ሲበላሽ ግን ሠሪው በአጠገቡ ቆሞ ይገኛል። ስለዚህ ብልሽቱ በሥርዓት ከተመረመረ ራሱ ትምህርት ይሆናል፤ በችኮላ ከተነካካ ግን አንዱ ጕድለት ሁለት ሆኖ ያድራል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው በዚህም ሥራ ይፈጸማል።

ለምሳሌ ያህል በሐዋሳ ዙሪያ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚስማማ አንድ ሰሌዳ ይታይ። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ፥ በሐይቅ ዳር የተሠራች፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይወርዳል። የመስመር ኤሌክትሪክ በሌለበት መንደር ከፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለማታ ጥናት መብራት ይሰጣል። ነገር ግን መብራቱን የሚያጠፋው ሰው ረስቶት የሄደ እንደ ሆነ ባትሪው በቀን ያልቃል፤ ልጆቹም ማታ በጨለማ ይቀመጣሉ። ሲመሽ የሚያበራ፥ ሲነጋ የሚያጠፋ ሰሌዳ የሚሠራው ይህን ለማስቀረት ነው።

የሰሌዳው አሠራር እንዲህ ነው። አንደኛው ክፍል ብርሃን የሚሰማው ሬዚስተር ሲሆን ጠጋኞች ኤል ዲ አር ይሉታል፤ ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፥ ሲጨልም ግን ይከለክላል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው መስመር በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፎ ከኤል ዲ አሩ ጋር ይገናኛል፤ የኤል ዲ አሩ ሌላ ጫፍ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። የሁለቱ መገናኛ ነጥብ ሲጨልም ቮልቱ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ክፍል ቢሲ 547 የተባሉ ሁለት ትራንዚስተሮች ናቸው፤ የፊተኛው የኋለኛውን ይቀሰቅሳል። ይህን ማጣመር ያወጣው አሜሪካዊው ሲድኒ ዳርሊንግተን ስለ ሆነ በስሙ ይጠራል። ሦስተኛው ክፍል ሪሌ ነው፤ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ መነካኪያዎቹን ያገናኛል። አራተኛው ክፍል መብራቱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ጥንቃቄ መናገር ይገባል። ይህ ሰሌዳ ለ12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። የከተማው መስመር 220 ቮልት ስለ ሆነ ሰው ይገድላል፤ ተማሪ የሠራው ሰሌዳ ከዚያ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ባትሪውም ቢሆን ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ቢነካኩ ሽቦውን አግሎ እሳት ያስነሣል፤ ስለዚህ ለአንድ ትንሽ መብራት ባለ 2 አምፔር ፊውዝ በፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ይደረግ። መለኪያው ቮልት በሚለካበት ጊዜ በአምፔር ላይ እንዳይሆን ይታይ። ኦም የሚለካውም ባትሪው ከተፈታ በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ሰሌዳው ሲመሽ አላበራም እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው ትራንዚስተሩን ነቅሎ ሌላ ይተክላል፤ ይህ ስሕተት ነው። የኔታ ንባብ የተሳሳተበትን ልጅ ከመጽሐፉ መካከል አይጀምሩትም፤ ወደ ፊደሉ መልሰው እያስቈጠሩ የሳተበትን ፊደል ያገኛሉ። ሰሌዳውም ከኃይሉ ምንጭ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይመረመራል። የመለኪያው ጥቁር ሽቦ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይያዝ፥ ኤል ዲ አሩም በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን፤ ከዚያም በቀዩ ሽቦ እንደሚከተለው ይለካ።

1ኛ፤ በሰሌዳው ፖዘቲቭ ላይ 12 ቮልት ያህል መገኘት አለበት። ካልተገኘ ጥፋቱ በባትሪው፥ በፊውዙ ወይም በሽቦው ነው እንጂ በሰሌዳው አይደለም።

2ኛ፤ በመገናኛው ነጥብ ላይ ሲሸፈን ከ1.2 እስከ 1.4 ቮልት ያህል ይገኛል። ከዚህ በጣም ካነሰ ወይ 100 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ተለያይቶአል፥ ወይ ኤል ዲ አሩ በእርጥበት ወይም በትርፍ ቆርቆሮ ተነካክቶአል። ከ2 ቮልት በላይ ከወጣ ግን ከትራንዚስተሮቹ የአንዱ መግቢያ ተሰብሮአል፥ ወይም ብየዳው አልያዘም።

3ኛ፤ በሪሌው ጥቅል ሁለት ጫፎች መካከል 11 ቮልት ያህል ይገኛል። ሁለተኛው ምርመራ ደኅና ሆኖ ይህ ከጠፋ ጥፋቱ በኋለኛው ትራንዚስተር ወይም በብየዳው ነው።

4ኛ፤ ጥቅሉ ቮልት አግኝቶ ሪሌው ቀጭ ካላለ ጥቅሉ ተበጥሶአል። በብዙዎቹ ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ሪሌዎች ጥቅሉ 400 ኦም ያህል ይለካል። ቀጭ ብሎ መብራቱ ካልበራ ግን መነካኪያው ወይም መብራቱ ይታይ።

እንዲህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ውድ ዕቃ ሳይሆን ያልያዘ ብየዳ ነው። ደኅና ብየዳ ያንጸባርቃል፥ ሽቦውንም ዙሪያውን ያቅፋል፤ ክፉው እንደ ጤዛ ጠብታ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ትራንዚስተሩ ተተክቶ ዳግመኛ ቢሞት ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የሪሌው ጥቅል ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥበት ያከማቸውን የማግኔት ኃይል በተገላቢጦሽ ይመልሳል፤ ያም ቮልት ከባትሪው ብዙ እጥፍ ሆኖ ትራንዚስተሩን ይመታል። ይህን የጥቅል ጠባይ ጆሴፍ ሄንሪ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ገልጦታል። መድኃኒቱ አንድ 1ኤን 4007 ዳዮድ ነው፤ ቀለበት የተሣለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ ዞሮ በጥቅሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይበየዳል። ተገልብጦ ከተበየደ ግን ትራንዚስተሩ እንደ ተከፈተ ኃይሉ በዳዮዱ አልፎ ሁለቱንም ያቃጥላል።

ሌላው የተለመደ ብልሽት ሲመሽ ሪሌው እየተርገበገበ መብራቱ መብራትና መጥፋቱ ነው። በመጀመሪያ መብራቱ ይፈታ። መርገብገቡ ከቆመ ጥፋቱ ከመብራቱ የመጣ ነው፤ ይኸውም በሁለት መንገድ ይሆናል። ወይ የመብራቱ ብርሃን በኤል ዲ አሩ ላይ ወድቆ ነጋ ያሰኘዋል፥ ወይ ባትሪው ደክሞ መብራቱ ሲበራ ቮልቱ ይወርዳል። መብራቱ ሲበራ ባትሪው ላይ ከ11 ቮልት በታች ከታየ ባትሪው ይታከም። ካልሆነ ኤል ዲ አሩ በጥቁር ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከመብራቱ ፊቱን ወደ ሰማይ ያዙር።

ይህም ተደርጎ ካልቆመ፥ ማምሻው ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰሌዳው ማብራትና ማጥፋትን በአንድ ድንበር ላይ ያመነታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለት ረድፍ መነካኪያ ያለው ሪሌ ይደረግ። አንዱ ረድፍ መብራቱን ያበራል፤ ሁለተኛው 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተርን ከፖዘቲቭ ወደ መገናኛው ነጥብ ያገናኛል። ሪሌው አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ነጥቡ ተጨማሪ ድጋፍ ስለሚያገኝ፥ ብርሃኑ በደንብ ሳይጨምር አይለቅም።

የሐይቁ አካባቢ እርጥበት፥ በክረምትም ብርሃን የሚስባቸው ነፍሳት ሰሌዳውን ስለሚጎዱት በክዳን ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከመዘጋቱም በፊት ብየዳው በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። የሚቀየረው ነገር አንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ከተቀየረ የትኛው እንደ ጠቀመ አይታወቅም።

በመጨረሻም ሰሌዳው ደኅና ሳለ የተለካው ቮልት ሁሉ፥ የተለወጠው ዕቃና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ። ሠሪው ተማሪ አድጎ ከመንደሩ ቢሄድ፥ መምህሩም ቢቀየር፥ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ሥራውን ካቆሙበት ይቀጥላል።