የጊታር ፔዳል ቮልዩምና የአንዲት ሬዚስተር ዋጋ

የጊታር ኢፌክት ፔዳል በቤታቸው የሚሠሩ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚያጋጥማቸው አንድ ችግር አለ። ሰርኪዩቱ ተበይዶ ካበቃ በኋላ የቮልዩሙ እጄታ ከመነሻው ጥቂት እንደዞረ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይጎላል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ቢዞር ለውጡ እምብዛም አይሰማም። ይህ የብየዳ ጉድለት አይደለም፤ ምክንያቱ የጆሮ ጠባይ ነው።

ጆሮ የድምፅን ጉልህነት የሚመዝነው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። ሊኒየር ፖቴንሽዮሜትር እጄታው መሐል ሲደርስ የቮልቴጁን ግማሽ ያሳልፋል። ግማሹ ደግሞ ከሙሉው በ6 ዴሲቤል ብቻ ያንሳል። ሎጋሪዝማዊው ፖቴንሽዮሜትር ግን መሐሉ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ይሰማል። በነገራችን ላይ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፊደል ብቻ ማመን አይገባም። በዛሬዎቹ የእስያ ምርቶች «ኤ» ሎጋሪዝማዊ ማለት ሲሆን፣ በአንዳንድ የቀድሞ የአውሮፓ ምርቶች ግን ሊኒየር ማለት ነበር። እጄታውን መሐል አቁሞ በኦም ሜትር መለካት ይበልጣል።

ሎጋሪዝማዊው ሲታጣ የሚሠራበት የታወቀ ዘዴ አለ። ይኸውም ከ100 ኪሎ ኦም ሊኒየር ፖቴንሽዮሜትር መካከለኛ እግር ወደ ግራውንድ 15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መበየድ ነው። እጄታው መሐል ሲሆን የታችኛው 50 ኪሎ ኦም ከ15ቱ ጋር በትይዩ ተጣምሮ ወደ 11.5 ኪሎ ኦም ስለሚወርድ፣ የሚያልፈው ቮልቴጅ ከ50 ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል። ብዙ መመሪያዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ዳሩ ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ምልክቱን የሚልከው ክፍል የውጤት ኢምፔዳንስ ዝቅተኛ ሲሆን ነው። በኒውዮርክ የተቋቋመው ኤሌክትሮ ሐርሞኒክስ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ኤል ፒ ቢ 1 እንመልከት። ይህ ባለአንድ ትራንዚስተር ማጉያ ለጀማሪዎች እጅግ የተወደደ ነው፤ የኮሌክተሩ ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም፣ ቮልዩሙም 100 ኪሎ ኦም ነው። እጄታው ጫፍ ሲደርስ 15ቱ ኪሎ ኦም መላውን ፖቴንሽዮሜትር ወደ 13 ኪሎ ኦም ያወርደዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣ የነበረው 91 በመቶ ቮልቴጅ ወደ 57 በመቶ ይወድቃል፤ ማለትም 4 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። ለማጉላት ብቻ ለተሠራ ፔዳል ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። የተፈለገው ኩርባም ቢሆን በሙሉ አይገኝም፤ መሐል ላይ የሚወጣው ከጫፉ 19 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 28 በመቶ ይሆናል።

ሌላም ጣጣ አለ። 0.1 ማይክሮ ፋራድ የሆነው የውጤት ካፓሲተር ከ23 ኪሎ ኦም ጋር ሲጣመር ከ69 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ መቁረጥ ይጀምራል። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ ስለሚገኝ እርሱም ከ2 ዴሲቤል በላይ ያጣል።

ስለዚህ ዘዴውን የውጤት ኢምፔዳንሱ ዝቅተኛ ከሆነ ኦፕ አምፕ በኋላ ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። ለባለአንድ ትራንዚስተር ማጉያ ግን ሎጋሪዝማዊውን ፈልጎ መግዛት፣ ወይም ከቮልዩሙ በፊት አንድ ኤሚተር ፎሎወር መጨመር ይመረጣል። ካፓሲተሩን በ1 ማይክሮ ፋራድ መተካት ወፍራሙን ድምፅ ይመልሳል፤ የጠፋውን 4 ዴሲቤል ግን አይመልስም።