ከጭስ የሚቀድም ሽታ

የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ዲከረንስ የሚባለው ግራር በአፈር ታፍኖ ወደ ከሰል ሲለወጥ ጭሱ በአየሩ ላይ ስለሚያንዣብብ፣ የተበላሸ መሣሪያን በጠረኑ መለየት ለጥገና ባለሙያ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር በሙቀት ሲፈርስ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን ይሰጣል፤ የብዙ ራዲዮኖች ቡናማ ቦርድም በፌኖል ሙጫ ከተጣበቀ ወረቀት የሚሠራ በመሆኑ፣ ሲቃጠል የሚያወጣው ሽታ የከሰሉ ጭስ የቅርብ ዘመድ ነውና ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ከከሰል ጋር የማይምታታው የዓሣ ሽታ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ ሊፈራ የሚገባውም እርሱ ነው። ምንጩ አሚን የሚባሉት ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች ሲሆኑ፣ ለተበላሸ ዓሣ ጠረኑን የሚሰጠው ትራይሜቲልአሚን ከእነርሱ አንዱ ነው። የብዙ ሶኬቶች ጠንካራ ፕላስቲክ ከዩሪያና ከፎርማልዴሃይድ ስለሚሠራ፣ ብሎኑ የላላበት ሽቦ ሲግል ፕላስቲኩ ነበልባል ሳይታይበት መፍረስና አሚን መልቀቅ ይጀምራል። ብሬከሩ ግን አይወርድም፤ የላላ ግንኙነት በአንድ ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጥራል እንጂ የሚያልፈውን ኮረንቲ አያበዛምና። የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአፍታ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም አናቱ አብጦ ሲፈነዳ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ የአሞኒየም ጨው ካለበት ተመሳሳይ ጠረን ይሰጣል።

የሽቦ ልባስ የሆነው ፒቪሲ ሲቃጠል አፍንጫን የሚወጋው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚሆን፣ ከቃጠሎው የተረፈውን መዳብ እንኳ ቆይቶ ይበላዋል።

ከመጠን በላይ የተሞላ የእርሳስና አሲድ ባትሪ የበሰበሰ ዕንቁላል ሲሸት ደግሞ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ይህ ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው መጥፋቱ የጋዙ መጥፋት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ አብሮት የሚወጣው ሃይድሮጅንም ምንም ሽታ ሳይኖረው፣ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ባለበት ክፍል አምፖል ከማብራት ወይም ክብሪት ከመጫር በፊት በርና መስኮት ይከፈት፤ ዓሣ ባልገባበት ቤት ዓሣ የሸተተው ሰውም ጭስ እስኪያይ ሳይጠብቅ ዋናውን ብሬከር አውርዶ ሶኬቶቹን ለባለሙያ ያስመርምር።